ዘንዶውን ያረጋጋሁበት ሳምንት

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ነከሰሽ?» ብሎ ነው። አዎ፣ ነክሶኛል፤ በሦስተኛው ቀን፣ ቀኝ እጄን አውራ ጣቴ ሥር። ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ ለምን ጥለሽ አልወጣሽም?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ እሱን ግን በአጭሩ መመለስ ያቅተኛል። ስለዚህ ዛሬ ከሰኞ ጠዋት ጀምሬ፣ ሳልቸኩል፣ እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ያኔ ዳላስ ከመጣን አራተኛ ዓመታችንን ይዘን ነበር። ከባለቤቴ ከደረጀ ጋር በዲቪ ሎተሪ መጥተን ጋርላንድ ውስጥ አንድ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖራለን። እሱ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። እኔ ደሴ ሳለሁ አምስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። እዚህ ግን ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ከረምኩና፣ ኋላ አጭር ኮርስ ወስጄ በየቤቱ እየሄድኩ አቅም ያጡ ሰዎችን መንከባከብ ጀመርኩ። ስልሳ ተማሪ በአንድ ቃል ጸጥ አሰኝ የነበርኩት ሴትዮ፣ እዚህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ይቅርታ፣ ምን አልሽ?» ሲሉኝ ቀስ በቀስ ዝምታን ለመድኩ። የታዘዝኩትን እሠራለሁ፣ «ኦኬ» እላለሁ፣ መኪናዬን አስነስቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ያኔ እንዲህ ነበርኩ።

በጥር ወር አንድ እሑድ የኤጀንሲያችን አስተባባሪ ኮል አደረገችልኝ። ዋይሊ ውስጥ ስትሮክ የመታቸው አንድ አዛውንት እንዳሉና ሰው በአስቸኳይ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። «ቤት ውስጥ ፔት አለ፤ ችግር የለብሽም አይደል?» አለችኝ። ውሻ መስሎኝ «ኖ ፕሮብለም» አልኳት።

ሰኞ ጠዋት በሩን የከፈተችልኝ የአዛውንቱ ልጅ ሊንዳ ናት። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ዓይኗ ሥር እንቅልፍ ማጣት የጠቆረባት ሴት። ገና ሳሎን ከመግባቴ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ ትልቅ የመስታወት ቤት አየሁ። ውስጡ ቡናማና ጥቁር ዝንጉርጉር ነገር አለ። ክንዴን የሚያህል ውፍረት ያለው። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ እየፈተገ ከጥግ ጥግ ይመላለሳል።

ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

«አልነገሩሽም እንዴ?» አለች ሊንዳ። «ብስኩት ይባላል። ቦል ፓይተን ነው፤ የዘንዶ ዘር። መርዝ የለውም። አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት አሳድጎታል። ድሮ እንደ ድመት የዋህ ነበር፤ አሁን ግን አብዷል። ሁለት ጊዜ ተወርውሮብኛል፤ አባቴ ከታመመ ወዲህ፣ አራት ወር ሙሉ፣ ምግብ አልቀመሰም። አይዞሽ፣ ቅዳሜ የሚወስደው ሰው ይመጣል። እስከዚያ አንቺ አትነኪውም።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባቴም እንደዚያው ሆኗል። በዕድሜው ሰው ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም ነበር። ካንቺ በፊት የነበረችውን ልጅ በጥፊ መትቷት ሄደች። አርብ ከአረጋውያን ማቆያ አንዲት ሴት መጥታ ታየዋለች። በዚህ ሳምንት ካልተሻለው እዚያ ይገባል። ሌላ ምርጫ የለኝም።»

ሚስተር ዌይን ዊልቸር ላይ ተቀምጠው ነበር። የሰባ አምስት ዓመት ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ አናጢ ነበሩ፤ ግራ እጃቸው አሁንም መዶሻ የሚያነሳ ይመስላል። ቀኝ ጎናቸው ግን አይታዘዝም። ንግግራቸውም ሄዷል። ስትሮኩ ያስቀረላቸው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ኖ» እና «ቱ»፣ «አይ» እና «ሁለት» ማለት ነው።

«‹ቱ› ካለ ሽንት ቤት ማለቱ ነው፤ ቁጥር ሁለት» ብላኝ (እዚህ አገር ዓይነ ምድርን እንዲህ ይሉታል) ሊንዳ ወደ ሥራዋ ሄደች። ስትወጣ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ብላ ቴሌቪዥኑን ከፍታ፣ እንዳላጠፋው አደራ አለችኝ።

የዚያን ቀን አምስት ጊዜ «ቱ» አሉ። አምስት ጊዜ ዊልቸሩን እየገፋሁ ሽንት ቤት ወሰድኳቸው። አምስቱንም ጊዜ ፊታቸው ደም መሰለ። በአምስተኛው በግራ እጃቸው ትከሻዬን ገፍተው ከግድግዳ አላተሙኝ። ምሳ ላይ ሳህኑን ወረወሩት። ያፈሰሱትን ሾርባ ከወለሉ እየጠረግኩ፣ ከጀርባዬ የዘንዶው አፍንጫ መስታወቱን ሲፈትግ ይሰማኛል። ጭር፣ ጭር። ነገ አልመለስም አልኩ በልቤ።

ማክሰኞ ግን ተመለስኩ። ረፋድ ላይ፣ ሚስተር ዌይን እየጮኹ ሳለ፣ የሊንዳ ስልክ መጣና አልሰማ ሲለኝ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። አውርቼ ስጨርስ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሚስተር ዌይን መጮህ አቁመዋል። ጭርጭርታውም ቆሟል።

ለልጆች ሳይንስ ሳስተምር «መጀመሪያ ተመልከቱ፤ መገመት ኋላ ይደርሳል» እያልኩ ስንት ጊዜ ለፍልፌያለሁ! ዳላስ ከመጣሁ ወዲህ ግን እኔ ራሴ ምንም ነገር ተመልክቼ አላውቅም። ያን ቀን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዘንዶው አራት እርምጃ ያህል ርቄ ነው፤ ድፍረቴ ከዚያ አያልፍም ነበር።

በላዩ ላይ ነጭ መብራት ይበራል፤ ቀንም ሌሊትም እንደማይጠፋ ሊንዳ ነግራኛለች። የቤቱ ማሞቂያ ከጣሪያው በቀጥታ የሽቦ ክዳኑ ላይ ደረቅ አየር ይነፋል። ውስጡ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ ከአንዲት ትንሽ የውሃ ሳህን በቀር ባዶ ነው። የአፍንጫው ጫፍ ተልጦ ቀልቷል። ይሄ ፍጥረት የትም መግቢያ የለውም። ሰው ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ ራሱን መሐል አድርጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ደግሞ ይፈታና መውጫ ይፈልጋል።

ቀና ስል ሚስተር ዌይን እኔን ሲያዩ አገኘኋቸው። ዘንዶውን ሳይ እያዩኝ ነበር።

ዊልቸሩን ገፍቼ መስታወቱ አጠገብ አቆምኩት። ግራ እጃቸውን ዘረጉና ሁለት ጣት አሳዩኝ። «ቱ።» ከዚያ የመስታወቱን ግራ ጫፍ ነኩ። ቀኝ ጫፉን ነኩ። «ቱ!»

«ሁለት ምን?» አልኩ። በአማርኛ ነው የወጣኝ።

እንባቸው ሞላ። እኔ ግን አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ የሚቀየር ልብስ ፍለጋ ከኋላ ወዳለው መኝታ ቤታቸው ገባሁ። ከፍና ዝቅ የሚል የሕሙማን አልጋ ሳሎን ተተክሎላቸው ስለነበር ክፍሉን የሚጠቀምበት ሰው የለም። ጸጥ ያለ፣ መጋረጃው የተዘጋ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ጤነኛው ሚስተር ዌይን ያንኑ የመስታወት ቤት ተደግፈው ይስቃሉ። በመስታወቱ ግራ ጫፍ አንድ የእንጨት ሳጥን፣ በቀኝ ጫፍ ሌላ የእንጨት ሳጥን። ሁለቱም ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። በአንደኛው ቀዳዳ የብስኩት ራስ ብቅ ብሏል።

ፎቶውን ነቅዬ ሮጥኩ። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጬ ሳጥኖቹን በጣቴ ነካሁ። «ቱ?» አልኳቸው።

ሚስተር ዌይን ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

አራት ወር። አራት ወር ሙሉ «ሁለት፣ ሁለት» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ሽንት ቤት ሲወስዳቸው። «ገባኝ አባባ፤ ገባኝ» አልኳቸው፣ በአማርኛ።

ለሊንዳ ደወልኩ። «ሳጥኖቹ የት ናቸው?» አልኳት።

«የቶቹ? እነዚያ የቆሸሹ እንጨቶች? ብስኩትን ወደ ሳሎን ስናወጣው ጣልኳቸው። ለምን ፈለግሻቸው?»

በእንግሊዝኛ ላስረዳት የፈለግኩት ብዙ ነበር። የወጣኝ ግን «እሳቸው ይፈልጋሉ። ሁለት» የሚል ብቻ ነው። ሊንዳ ተነፈሰች። «ቅዳሜ ይሄዳል እኮ። ኦኬ፤ እንደፈለግሽ አድርጊ።»

እንደፈለግኩ ላደርግ ወሰንኩ። ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ መሄዱን ትቼ፣ እባብና እንሽላሊት የሚሸጥ አንድ ሱቅ ፈልጌ ጋርላንድ ውስጥ አገኘሁ። ሻጯ አንገቷ ድረስ የተነቀሰች ወጣት ሴት ናት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። «ይቅርታ፣ ምን አልሽ?» አላለችኝም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አላበደም፤ ፈርቶ ነው» አለችኝ። «የእነዚህ ዘር አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ቀኑን ሙሉ አይጥ የቆፈረው ጉድጓድና የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተወሽቆ ይውላል። ጎኑ ግድግዳ ካልነካ ራቁቱን ሜዳ ላይ እንደቆመ ነው የሚሰማው።»

«ሁለት ሳጥን ለምንድን ነው? አንድ አይበቃም?»

«የራሱ ሙቀት የለውም። ለመሞቅ ወደ ሞቃቱ ጫፍ፣ ለመቀዝቀዝ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ መሄድ አለበት። መደበቂያው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ወይ ሙቀቱን ወይ ደኅንነቱን እንዲመርጥ ታስገድጂዋለሽ። ባለቤቱ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።»

የነገረችኝን በደረሰኙ ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፍኩ። ሞቃቱ ጫፍ በፋራናይት ዘጠና፣ ቀዝቃዛው ሰባ ስምንት። ነጩ መብራት ይጥፋ፤ ከሥር የሚሞቅ ምንጣፍ ከመቆጣጠሪያ ጋር ይገባለት። አየሩ እርጥበት ይኑረው፤ የሽቦው ክዳን በከፊል ይሸፈን። ሦስቱ የመስታወት ጎኖች ይከለሉ። ጸጥታ። ውሃው ሲቀየር ካልሆነ በቀር አንድ ሳምንት ማንም እንዳይነካው። «ምግብ አትስጪው» አለችኝ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ይረጋጋ። ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ ወይ አፍንጫው መግል ከያዘ ግን በቀጥታ ሐኪም።» ሁለት ጥቁር የፕላስቲክ መደበቂያዎችና የቀረውን ዕቃ ይዤ ወጣሁ።

ማታ ደረጀ ዕቃውን ሲያይ እራቱን አቆመ።

«ሰናይት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ነገርኩት።

«ቅዱስ ጊዮርጊስ የገደለውን አንቺ ቤት ልትሠሪለት ነው?» አለ። እየቀለደ አልነበረም። «ማለቴ፣ ሥራሽ ሽማግሌውን ማጠብና ማብላት ነው። ቢነክስሽስ? ኤጀንሲው ሰምቶ ቢያባርርሽስ?»

«አርብ ሰውየውን ከቤታቸው ያስወጧቸዋል፤ ክፉ ሆነዋል ብለው። ክፉ አይደሉም ደረጀ። የሚሰማቸው ስላጡ ነው።»

«ቅዳሜ ዘንዶው ይሄድ የለ?»

«እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን አለኝ» አልኩት። ድምፄን ሰምቼ እኔው ገረመኝ፤ የክፍል ውስጥ ድምፄ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቴሌቪዥኑንና ነጩን መብራት አጠፋሁ፤ መጋረጃ ዘጋሁ። ሚስተር ዌይንን አጠገቤ አደረግኩ። ክዳኑን ከፍቼ የመጀመሪያውን መደበቂያ በቀስታ ለማስገባት እጄን ሰደድኩ። ብስኩት ከወዲያኛው ጥግ አንገቱን እንደ እንግሊዝኛው «ኤስ» ፊደል አጥፎ ያየኛል። ሚስተር ዌይን «ኖ… ኖ…» ይላሉ፤ አሁን ሳስበው «ቀስ በይ፣ ከላይ አትምጪበት» ማለታቸው ነበር። አልገባኝም። እጄ በላዩ አለፈ።

መምጣቱን አላየሁም። አንድ ነገር እጄን ሲመታኝና ተመልሶ ሲሸሽ ነው የተሰማኝ። መደበቂያው ወለሉ ላይ ወደቀ። አውራ ጣቴ ሥር ትንንሽ የደም ነጠብጣቦች በመስመር ብቅ ብቅ አሉ። ክዳኑን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም፤ ሮጬ ወጥ ቤት ገባሁ።

እጄን በሳሙና አጠብኩ። የመኪና ቁልፌ ጠረጴዛው ላይ ነው። ወጥቼ ብሄድ ማንም አይፈርድብኝም ነበር፤ አትንኪው ተብያለሁ እኮ። ከሳሎን «ኖ… ኖ… ኖ…» የሚል ድምፅ ይመጣል። ቁጣ አልነበረበትም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። ያኔ ያቺ አንድ ቃል ስንት ነገር እንደምትሸከም ሰማሁ። ሰኞም ማክሰኞም ሁሉንም «እምቢ» ብዬ ስተረጉመው ነበር የከረምኩት።

ቁስሉን በፋሻ አስሬ ተመለስኩ። ፊታቸው ቁጭ አልኩና «እሺ አባባ፣ እንዴት ነው የሚደረገው?» አልኳቸው። ገባቸው። ግራ እጃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ታች አመለከቱና «ኖ» አሉ። ዝቅ አድርገው ከጎን በቀስታ አሳዩኝና ዝም አሉ። ከላይ አይሆንም፤ ከላይ የሚመጣ ጠላት ነው። ከጎን፣ ዝቅ ብሎ። ከዚያ በጣታቸው የመስታወት ቤቱን አሳዩኝ፤ ቀጥለው ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ ኋላኛው መኝታ ቤት።

ወደ ቦታው ይመለስ ማለታቸው ነው። ልክ ነበሩ፤ ሳሎን ውስጥ ማሞቂያው እየነፋ፣ ሰው እየተመላለሰ ምንም ብናደርግ ዋጋ የለውም። ለጊዜው የመስታወት ቤቱን ብርድ ልብስ አለበስኩትና ለሊንዳ ደወልኩ። መነከሴን ነገርኳት፤ ደነገጠች፤ ሐኪም ጋ ካልሄድሽ አለችኝ። ጭረት መሆኑን አስረድቼ፣ ነገ ባሌ መጥቶ የመስታወት ቤቱን ወደ መኝታ ቤት እንዲያግዘኝ ፈቃዷን ለመንኩ። «ነክሶሽም?» አለች። «ነክሶኝም» አልኳት።

ሐሙስ የደረጀ የዕረፍት ቀን ነው። እንዴት እንዳሳመንኩት ባልጽፈው ይሻላል። ዋይሊ ደርሰን በር ላይ ፓርክ ካደረገ በኋላ መሪውን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ አማተበ፤ ወረደ።

መስታወቱን ለማንሳት መጀመሪያ ብስኩት መውጣት አለበት። ማን ያወጣዋል? እኔ አንድ የትራስ ልብስ አፉን ከፍቼ ቆምኩ። ደረጀ በሩ ላይ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ውጭ ነው። ሚስተር ዌይን በጣታቸው ጠሩኝ። ዊልቸሩን አስጠጋሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ።

ግራ እጃቸው ወደ ውስጥ ገባ። ከጎን፣ ዝቅ ብሎ። ከብስኩት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። አልተንቀሳቀሰም። ብስኩት አንገቱን አጥፎ ለመወርወር ተዘጋጅቷል። እጁ ይጠብቃል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ምናልባት ከዚያም በላይ። የሚስተር ዌይን ክንድ በድካም ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መዳፋቸው ግን አልተነቃነቀም።

የብስኩት ምላስ ወጣ። ተመለሰ። ደግሞ ወጣ፤ ጣታቸውን ነካ። ከዚያ ያ የታጠፈ አንገት እንደ ገመድ ላላ። አገጩን መዳፋቸው ላይ አሳረፈ፤ ቀስ ብሎ በአንጓቸው፣ በክንዳቸው ላይ ወጣ።

«ሰናይት» አለ ደረጀ በሹክሹክታ ከበሩ፣ «አወቃቸው።»

ብስኩትን የትራስ ልብሱ ውስጥ አስገብተን፣ አፉን አስረን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥነው። እኔና ደረጀ የመስታወት ቤቱን ተሸክመን መኝታ ቤቱ ውስጥ አደረስን። የሚሞቀውን ምንጣፍ ከሥር አደረግን፤ ሁለቱን መደበቂያዎች ግራና ቀኝ አስቀመጥን፤ ሦስቱን ጎን በካርቶን ከለልን፤ ከክዳኑ ግማሹን ሸፈንን። ትልቅ ሳህን ውሃ አስገባሁ። ውስጡ እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት ጠበቅን፤ ቴርሞሜትሩ ዘጠና እስኪያሳይ ከአጠገቡ አልተነሳሁም። ሳሎን ስመለስ ሚስተር ዌይን የትራስ ልብሱን አቅፈው፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ተኝተዋል። ወደዚያ ቤት ከመጣሁ ወዲህ ቀን ላይ ሲተኙ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ስንፈታው ብስኩት መሬቱን በምላሱ እያጣራ ሄደ፤ የሞቃቱን ጫፍ ቀዳዳ አገኘ፤ ራሱን አስገባ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ርዝመት ቀስ እያለ ወደ ጨለማው ገባ። ጭራው ስትሰወር ሚስተር ዌይን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ቱ» አሉ። ፈገግ ብለው።

አርብ ሊንዳና ከማቆያው የመጣችው ሴት ሲገቡ ሚስተር ዌይን ኦትሚላቸውን፣ የአጃ ገንፎውን፣ በግራ እጃቸው ራሳቸው እየበሉ ነበር። ሴትየዋ ጠየቀቻቸው፣ ደም ግፊታቸውን ለካች፣ ክንዳቸውን አነሳች፤ እሳቸውም ዝም ብለው ተባበሯት። ፋይሏን አገላብጣ «ይማታሉ የተባሉት እኚህ ናቸው?» አለች።

ሊንዳ ወደ እኔ ዞረች። «እባቡስ?» አለችኝ። ወደ መኝታ ቤቱ ወሰድኳት። ጎንበስ ብላ ፈለገችው። «የለም እኮ!»

«አለ። ተኝቷል» አልኳት። ግድግዳው ላይ የመለስኩትን ፎቶ አሳየኋት። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝኛዬ መሰባበሩን ረስቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሁለቱን ሳጥኖች፣ ሁለቱን ጣቶች፣ «ቱ» ምን ማለት እንደሆነ።

ሊንዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «በእጁ ነው የሠራቸው» አለች። «እኔ ጣልኳቸው። ከዚያ በቀን አምስት ጊዜ ሽንት ቤት ወሰድኩት።» ዊልቸሩን ገፍቼ ሚስተር ዌይንን አመጣኋቸው። ግራ እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ አኖሩት።

ቅዳሜ ሊመጣ የነበረውን ሰው ቀጠሮ ሊንዳ ሰረዘችው። «ግን ካልበላ ሊሞት ነው እኮ» አለችኝ። የሱቋ ልጅ ያለችኝን ነገርኳት፤ አትቸኩሉ። መጠበቅ ደግሞ ከመነከስ ይከብድ ነበር። በየቀኑ ሙቀቱን አያለሁ፣ እርጥበቱ ሲወርድ ውሃ እረጫለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ። ሊንዳ በደወለች ቁጥር «በላ?» ትላለች። «ገና» እላለሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን ዓይኑ ደመና ለበሰ፤ ታሞ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሚስተር ዌይን ግን ሳቁብኝ። ለካ ቆዳውን ሊቀይር ኖሯል፤ ከሳምንት በኋላ ስመጣ ቆዳው ሙሉውን፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው፣ ሳይቀደድ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ወልቋል። የቆሰለው አፍንጫ አዲስ ሆኗል።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከፍሪዘር ወጥታ የቀለጠች አይጥ በሙቅ ውሃ አሞቅን። ሊንዳ መጥታለች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ረጅሙን መቆንጠጫ ሚስተር ዌይን በግራ እጃቸው ያዙት። አይጧን ቀዳዳው ፊት አቀረቧት። ምንም የለም። ክንዳቸው መድከም ጀመረ። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ «ኖ» አሉ፤ ይህቺኛዋ «ተይኝ፣ እችላለሁ» ነበረች።

የብስኩት ራስ ከጨለማው ብቅ አለ። ምላሱ ሁለቴ፣ ሦስቴ ወጣ። ከዚያ ላፍ! አይጧን ይዞ ተጠቀለለ።

ሊንዳ ጮኸች፤ እኔ እልል ማለቴን ያወቅኩት አፌን በእጄ ስይዝ ነው፤ ጸጥታ ያስፈልገዋል ያልኩት እኔው ነበርኩ እኮ። ሚስተር ዌይን ከት ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሰባት ወር አብሬያቸው ሠራሁ። ያረፉት በገዛ ቤታቸው፣ ሊንዳ እጃቸውን ይዛ ነው። ብስኩትን የወሰደችው ሊንዳ ናት። አሁን እንግዳ ሲመጣባት ቀድማ «መስታወቱን እንዳትነኩ» እንደምትል ነግራኛለች። እኔ ማታ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ፤ ንግግር ያጡ ሰዎችን የሚረዱ ባለሙያዎች ረዳት ለመሆን። ደረጀ አሁንም እባብ አይወድም፤ በማላጠናበት ቀን ግን ይቆጣኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በየቤታችሁ «ተበላሸ» የተባለ ሰው ወይም እንስሳ አይጠፋም። ዘንዶ አሳድጉ አልላችሁም። እኔም አላሳድግም። የምላችሁ፣ ቁጣውን ከመፍራታችሁ በፊት ምን እንደጎደለው እዩ። ብስኩትን ያረጋጋው የእኔ ፍቅር አይደለም፤ እንዲያውም ያኔ እጠላው ነበር። ያረጋጋው ትክክለኛ ሙቀት፣ ጨለማ፣ ጸጥታና ሁለት መደበቂያ ነው። እነዚያን ለማግኘት ግን የሚናገረውን እስኪጨርስ የሚጠብቀው ሰው አስፈልጎታል፤ እሱም ባለቤቱም።

ባለፈው ሰኞ አዲስ ሥራ ጀመርኩ፤ ግራንድ ፕሬሪ ያሉ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው በሩን ስትከፍትልኝ እየጮኹ ነበር። «ይቅርታ፤ ሁሌ እንዲህ ናቸው፤ ትርጉም የለውም» አለችኝ።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ወንበር ሳብኩና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«እየሰማሁዎት ነው» አልኳቸው። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»